መጀመሪያ መድረሻው፣ ከዚያ ጥሪው፦ ጥቃት ከደረሰባቸው ወጣት ሴቶች ጋር ለሚሠሩ የአሠራር መመሪያ

አንዲት ወጣት የደረሰባትን ጥቃት አፍ አውጥታ እስክትናገር ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጅባታል። ደፍራ ስትናገር የሰማት ሰው ወዴት እንደሚወስዳት የማያውቅ ከሆነ ግን ዳግመኛ ለማንም ትንፍሽ ላትል ትችላለች። በዚህ ሥራ በብዛት የሚያጋጥመው ጥፋት ይኸው ነው፦ ቅስቀሳው ይቀድማል፣ ፖስተሩ ይለጠፋል፣ ስልክ ቁጥሩ ይበተናል፤ ልጅቷ ስትደውል ግን ሐኪሙም፣ የሕግ ባለሙያውም፣ ማደሪያውም አልተዘጋጁም። ስለዚህ ሥራውን ከመጨረሻው ጀምሩት። የምትደርስበትን ቦታ ሳታዘጋጁ አትጥሯት።

መመሪያው የተዘጋጀው ለማኅበራዊ ሠራተኞች፣ ለበጎ ፈቃደኞች፣ በሴቶች ማኅበራትና በተማሪ ክበባት ውስጥ ለሚያስተባብሩ ሰዎች ነው። በየደረጃው ራሳችሁን የምትጠይቁት አንድ ጥያቄ አለ፦ ይህን የወሰነው ማን ነው? ጥቃት የሰውን ፈቃድ መንጠቅ ነው። በጎ አስባችሁም ቢሆን በእሷ ቦታ ከወሰናችሁ ነጠቃው ይቀጥላል።

1. የመላኪያ ካርታውን ሥሩ

በአካባቢያችሁ ያሉትን አምስት ዓይነት አገልግሎቶች በአንድ ገጽ ላይ አስፍሩ፦ ሕክምና፣ ፖሊስና ዓቃቤ ሕግ፣ የሕግ ምክር፣ መጠለያ፣ የሥነ ልቦና ድጋፍ። ስም መጻፉ ቀላሉ ክፍል ነው። ካርታው የሚሠራው በእያንዳንዱ ስም ፊት ዝርዝሩ ተጣርቶ ሲሞላ ነው፦ ስልኩን የሚያነሳው ማን ነው፣ ያ ሰው በሌለበት ቀንስ ማን ይተካዋል፤ ሌሊትና በበዓል ይሠራል ወይ፤ ክፍያ አለው ወይ፤ ሴት ሐኪም ወይም ሴት መርማሪ አለች ወይ፤ ከ18 ዓመት በታች የሆነች ልጅ ያለ ወላጅ ብትመጣ ይቀበሏታል ወይ፤ የፖሊስ ደብዳቤ ሳትይዝ ብትመጣስ፤ በተሽከርካሪ ወንበር የምትንቀሳቀስ ሴት መግባት ትችላለች ወይ፤ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ይገኛል ወይ።

መጠለያዎችን ስታጣሩ «ማንን ትቀበላላችሁ?» ብላችሁ ብቻ አትመለሱ። ማንን እንደማይቀበሉ ጠይቁ። ሕፃን የያዘች፣ ነፍሰ ጡር፣ የአእምሮ ሕመም ያለባት፣ ከሱስ ጋር የምትታገል፣ መታወቂያ የሌላት ሴት በር ላይ የምትመለስበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህን ሌሊት በ8 ሰዓት፣ ልጅቷ አጠገባችሁ ቆማ ሳለ ልታውቁት አይገባም። ለእያንዳንዱ ክፍተት አማራጭ ፈልጉ፤ አማራጭ ከሌለ ደግሞ «ይህን ማቅረብ አንችልም» ብላችሁ በካርታው ላይ ጻፉት። አንዲት ወጣት እውነተኛውን መልስ መስማት ትችላለች፤ የማይፈጸም ተስፋ ግን ይጎዳታል።

በካርታው ላይ ያሉትን ቁጥሮች ራሳችሁ ደውሉባቸው፤ በሥራ ሰዓት፣ ማታ፣ በእረፍት ቀን። ሰው ይዛወራል፣ ስልክ ይቀየራል፣ በጀት ያልቃል፤ ስለዚህ በየ3 ወሩ እንደገና አጣሩ፤ ያጣራችሁበትን ቀን ከእያንዳንዱ መሥመር ጎን መዝግቡ።

ከካርታው ጋር አብሮ የሚዘጋጅ ሌላም ነገር አለ፦ የሪፖርት ግዴታ። ሕጉ የትኛውን ጉዳይ፣ በተለይ ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅን በሚመለከት፣ ለማን እንድታሳውቁ እንደሚያስገድዳችሁ ከአንድ የሕግ ባለሙያ ጋር ተቀምጣችሁ በግማሽ ገጽ አስጽፉ። ይህን የማያውቅ ሠራተኛ «ምስጢርሽን ለማንም አልናገርም» ይልና በማግስቱ ቃሉን ያጥፋል።

የሰው ኃይሉም ቅድሚያ ይታሰብ። ለእያንዳንዱ የሥራ ቀን ቢያንስ ሁለት የሠለጠኑ ሴቶች ያስፈልጋሉ፤ አንዷ ከልጅቷ ጋር ሆስፒታል ስትሄድ ሌላዋ ስልኩን ትይዛለች። ለትርጉም ሥራ ዘመድን፣ ጎረቤትን ወይም ሕፃን ልጅን በፍጹም አታስገቡ።

2. ወዳሉበት ሂዱ

ወጣት ሴቶች ቢሯችሁን ፈልገው እስኪመጡ አትጠብቁ። ሰው ሳይጠረጥራቸው መቀመጥ የሚችሉባቸውን ቦታዎች ምረጡ፦ የጤና ጣቢያ መጠባበቂያ ክፍል፣ የሙያ ማሠልጠኛ፣ የተማሪዎች ማደሪያ፣ ሴቶች በብዛት የሚሠሩበት ፋብሪካ። የዝግጅቱ ስም በራሱ ሊያጋልጣቸው ይችላል። በበሩ ላይ «ጥቃት ለደረሰባቸው የተዘጋጀ ውይይት» ብትለጥፉ የገባችው ሁሉ ታሪኳ የታወቀ ያህል ነው። «የሴቶች ጤናና መብት» የሚል ርዕስ ማንም ልትገባበት የምትችለው በር ነው።

በቡድን ውይይት መሃል «ከእናንተ መካከል ይህ የደረሰባት አለች?» ብላችሁ አትጠይቁ። እጅ እንዲያወጡ፣ ስም ጽፈው እንዲሞሉ አታድርጉ። የሌላ፣ በምናብ የተፈጠረች ልጅ ሁኔታ አቅርቡና «እሷ ወዴት ብትሄድ ይሻላል? ጓደኛዋ ብትሆኑ ምን ትሏታላችሁ?» በሉ። ልጅቷ ስለ ራሷ እያሰበች ስለ ሌላ መናገር ትችላለች። አንዲት ተሳታፊ በድንገት የራሷን ታሪክ መናገር ከጀመረች አታቋርጧት፤ ግን ዝርዝሩም በሰው ፊት እንዲወጣ አትገፋፏት። «ይህን በማካፈልሽ እናመሰግናለን፤ ከስብሰባው በኋላ ለብቻችን ሆነን ጊዜ ሰጥቼ ልስማሽ» በሏት፤ ባልደረባችሁም አጠገቧ ትቀመጥ።

የዚህ ሥራ ዋናው ጊዜ ዝግጅቱ ካለቀ በኋላ ያለው ግማሽ ሰዓት ነው። ወንበር እየሰበሰባችሁ፣ ወረቀት እያጣጠፋችሁ ቆዩ። የሚያናግሯችሁ ልጆች የሚመጡት ያኔ ነው፤ ብዙዎቹም «ለጓደኛዬ ነው የምጠይቀው» ብለው ይጀምራሉ። «አንቺው ነሽ አይደል?» አትበሉ። ለጓደኛዋ እንደሆነ ተቀብላችሁ ሙሉውን መረጃ ስጧት። ተሽከርካሪ ጠብቋችሁ ወዲያው ከወጣችሁ ግን የዝግጅቱን ፍሬ ጥላችሁት ሄዳችሁ ማለት ነው።

የምታድሉት ካርድ ከመታወቂያ የሚያንስ፣ በጫማ ውስጥ ወይም በስልክ ሽፋን ሥር የሚደበቅ ይሁን። ቁጥራችሁን ከአምቡላንስና ከጤና መረጃ ቁጥሮች መካከል አስገቡት፤ ካርዱ ቢገኝባት የምትመልሰው ነገር ይኖራታል። ለተወሰኑት ሳይሆን በቦታው ላለችው ሁሉ አድሉ። በሴቶች መጸዳጃ ቤት በር ውስጠኛ ክፍል የሚለጠፍ፣ ከሥሩ ቁጥሩ እየተቀደደ የሚወሰድበት ማስታወቂያ ጥሩ ይሠራል፤ ስትለጥፉት ግን ሁለት ሦስቱን ቀድማችሁ ቅደዱ። የመጀመሪያዋ ቀዳጅ መሆን ያስፈራል።

በማኅበራዊ ሚዲያ ስትሠሩ በአደባባይ አስተያየት ለሰጠች ልጅ በዚያው ሥር «በውስጥ መስመር አናግሪን» ብላችሁ አትመልሱ። ያን የሚያነብ ሰው አጥቂዋ ሊሆን ይችላል። በገጹ አናት ላይ መልእክት የምትቀበሉበትን ሰዓት ጻፉ፤ ከሰዓት ውጭ ለሚመጣ መልእክት የድንገተኛ ቁጥር የያዘ አጭር መልስ በራሱ እንዲላክ አዘጋጁ። መልእክቱን የጻፈችው እሷ መሆኗን ሳታረጋግጡ ዝርዝር ነገር አትጻፉ።

በቅስቀሳ ብዙ ጊዜ የሚዘለሉ አሉ፦ በሰው ቤት የሚሠሩ ሠራተኞች፣ አካል ጉዳተኞች፣ ገና በልጅነታቸው ያገቡ፣ ጥቃቱ ከፍቅር ጓደኛቸው የመጣባቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ትንታኔ መሠረት የፍቅር ወይም የትዳር አጋር ከነበራቸው ከ15 እስከ 19 ዓመት ልጃገረዶች 24 በመቶው 20 ዓመት ሳይሞላቸው በአጋራቸው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። ጽሑፋችሁና ሥዕላችሁ ስለ ባልና ሚስት ብቻ የሚያወራ ከሆነ የ16 ዓመቷ ተማሪ እሷን እንደሚመለከት አትረዳም። ስለ ስልክ መፈተሽ፣ «የይለፍ ቃልሽን ካልሰጠሽኝ አትወጂኝም» ስለ መባል፣ ፎቶ እለቅብሻለሁ ስለሚል ማስፈራሪያ ጻፉ።

ወጣት ሴት አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የምትናገረው ለጓደኛዋ ነው። ስለዚህ በየዝግጅቱ ጓደኞችን ሦስት ነገር አስተምሩ፦ «አምንሻለሁ» ማለትን፣ ያለ ፈቃዷ ለማንም አለመናገርን፣ የት መሄድ እንደምትችል ማሳየትን። አጥቂውን ሄዶ መጋፈጥ ለእሷ አደጋ እንደሚጨምርም ንገሯቸው።

3. የመጀመሪያው ንግግር

ቦታው ድምፅ የማያሳልፍ፣ በሩ ከውጭ የማይከፈት ይሁን። እሷ ለበሩ ቅርብ በሆነው ወንበር ትቀመጥ፤ በእሷና በበሩ መካከል ማንም አይቀመጥ። ውኃና ሶፍት አስቀድማችሁ አጠገቧ አድርጉ፤ ስልካችሁን ድምፁን አጥፉ። ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ያዙ።

ምንም ከመናገሯ በፊት የምስጢር ወሰኑን አስረዷት። እንዲህ ሊባል ይችላል፦ «የምትነግሪኝ በእኔና በአንቺ መካከል ይቆያል። ከዚህ ውጭ የሚሆነው ሕይወትሽ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ፣ ወይም ሕጉ አሳውቂ የሚለኝ ጉዳይ ከሆነ ነው። እንዲያ ከሆነ መጀመሪያ ለአንቺ እነግርሻለሁ። መመለስ የማትፈልጊውን ጥያቄ ዝለይው፤ በፈለግሽ ሰዓት ማቆም ትችያለሽ።» ይህን ከታሪኩ በኋላ ከነገራችኋት ግን እንደ ወጥመድ ይሆንባታል።

ከዚያ ጠይቁና ዝም በሉ። «ዛሬ ወደዚህ ያመጣሽ ምንድን ነው?» ይበቃል። የጥቃቱን ዝርዝር መቆፈር የእናንተ ሥራ አይደለም፤ ማወቅ ያለባችሁ አራት ነገር ብቻ ነው፦ አሁን አደጋ ላይ ናት ወይ፣ ጥቃቱ መቼ ደረሰ፣ ሕመም ወይም ቁስል አላት ወይ፣ ከሁሉ በፊት ምን ትፈልጋለች። በ«ለምን» የሚጀምር ጥያቄ ሁሉ ይቅር። «ለምን እዚያ ሄድሽ?»፣ «ለምን አልጮኽሽም?» የሚሉት ጥያቄዎች ለአጥቂው ጥብቅና እንደ መቆም ናቸው። በጥቃት ጊዜ ሰውነት ደርቆ መንቀሳቀስም መጮህም አለመቻል ከፈቃድ ውጭ የሚመጣ የታወቀ የሰውነት ምላሽ ነው። ይህን ብትነግሯት ብዙ ጊዜ ፊቷ ላይ የሚታይ ለውጥ ያመጣል፤ ራሷን ስትወቅስ የኖረችው በዚህ ነውና።

ታሪኩ ቢቆራረጥ፣ ቀን ቢዛባ፣ ስለ አስከፊ ነገር እየተናገረች ብትስቅ ውሸት ነው ብላችሁ አትደምድሙ። በከባድ ፍርሃት ውስጥ የተቀረጸ ትዝታ በቅደም ተከተል አይወጣም። ስታለቅስ አትቸኩሉ፤ ሳትጠይቁም አትንኳት። ለማቀፍ እንኳ «አጠገብሽ ልቀመጥ?» ብላችሁ ፈቃዷን ጠብቁ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ለጤና ባለሙያዎች ያዘጋጀው የአሠራር መጽሐፍ ይህን ሥራ በአምስት ተግባር ይከፍለዋል፦ ማዳመጥ፣ የሚያስፈልጋትን መጠየቅ፣ እንደምታምኗት ማሳየት፣ ደህንነቷን ማጠናከር፣ ከድጋፍ ጋር ማገናኘት። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፤ አዲስ ሠራተኞች ሁሉም ማለት ይቻላል ከመጀመሪያው ወደ አምስተኛው ይዘላሉ። ስልክ ቁጥርና አድራሻ ይደረድሩላታል፣ እሷ ግን ገና አልተሰማችም።

ከመለያየታችሁ በፊት የሚቀጥሉትን 24 ሰዓታት አብራችሁ አስቡ። ዛሬ የት ታድራለች? የት ነበርሽ ብትባል ምን ትላለች? ስንት ሰዓት ላይ መደወል ይቻላል? ሌላ ሰው ቢያነሳው ምን እንላለን? በስልኳ ላይ ቁጥራችሁን በምን ስም ትመዘግበዋለች? ስትደውሉ መናገር እንደማትችል የምታሳውቅበት ቃል ተስማሙ።

4. ሰዓት የሚቆጥሩ ነገሮች

ወሲባዊ ጥቃት ከሆነ ሕክምናው ከሁሉ ይቀድማል፤ ምክንያቱም ጊዜው ካለፈ የማይመለስ ነገር አለ። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት (ፔፕ) በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል፤ ለ28 ቀን ሳይቋረጥ ይወሰዳል። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እስከ 120 ሰዓት ወይም 5 ቀን ድረስ ይሰጣል፤ ክኒኑ ግን በዘገየ ቁጥር አቅሙ ይቀንሳል። የአባላዘር በሽታ ሕክምና፣ ቁስል ካለ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት፣ ካልተከተበችም የሄፓታይተስ ቢ ክትባት አብረው ይታያሉ።

ፔፕን የጀመሩ ብዙዎች በመሃል ያቋርጡታል። ምክንያቱ ማቅለሽለሽና መድኃኒቱን የሚደብቁበት ማጣት ነው። ስለዚህ የመድኃኒቱን ዕቃ የት እንደምታስቀምጥ፣ በስንት ሰዓት ብትወስድ ማንም እንደማያያት፣ ካቅለሸለሻት ለማን እንደምትደውል ያኑ ዕለት ተነጋገሩ። በ3ኛው ቀን፣ በ7ኛውና በ14ኛው ደውሉላት።

አንገቷን ታንቃ ከነበረ፣ ምንም ምልክት ባይታይ እንኳ በፍጥነት ሐኪም ይያት። የድምፅ መሻከር፣ ለመዋጥ መቸገር፣ ትንፋሽ ማጠር፣ በዓይን ነጭ ክፍል ላይ ቀይ ነጠብጣብ፣ ራስን መሳት፣ ሽንት ማምለጥ የከፋ ጉዳት ምልክቶች ናቸው። ጉዳቱ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ሊብስ ይችላል። ብዙ ሴቶች «ጉሮሮዬን ያዘኝ» ብለው ቀለል አድርገው ያልፉታልና በግልጽ ጠይቁ።

ማስረጃ እንዲያዝላት ከፈለገች ከምርመራው በፊት ባትታጠብ፣ ልብሷንም ባትቀይር ይመረጣል። ከቀየረች ልብሱን ለየብቻ በወረቀት ከረጢት አድርጉ፤ በፕላስቲክ የታሰረ ይረጥብና ይሻግታል፣ ማስረጃውም ይበላሻል። ታጥባ ከሆነም ትሂድ። ታጠብሽ ብሎ የሚቆጣት ሰው ቢኖር አጃቢዋ ጣልቃ ትግባ።

ሁለት ነገር ሐኪም ቤት በር ላይ አጥብቃችሁ ተሟገቱ። አንደኛ፣ ሕክምናው በፖሊስ ደብዳቤ ላይ መንጠልጠል የለበትም፤ ክስ የመመሥረት ውሳኔ ነገም ሊደረስ ይችላል፣ 72ቱ ሰዓት ግን አይጠብቅም። ሁለተኛ፣ የድንግልና ምርመራ ሳይንሳዊ መሠረት የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት፣ የተባበሩት መንግሥታት የሴቶች ድርጅትና የሰብአዊ መብቶች ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 በጋራ እንዲቀር ጠይቀዋል። ወላጅም ሆነ ሌላ ሰው ቢጠይቅ ልጅቷ እምቢ የማለት መብት እንዳላት አስቀድማችሁ ንገሯት።

5. የደህንነት ዕቅድ

አጥቂዋ አብሯት የሚኖር ወይም የሚያገኛት ሰው ከሆነ «ዛሬውኑ ጥለሽው ውጪ» የሚለው ምክር ሊገድላት ይችላል። መለያየት የሚፈጸምበትና የሚከተለው ጊዜ ከሁሉ አደገኛው ነው። አደጋውን ለመመዘን በግልጽ ጠይቁ፦ እገድልሻለሁ ብሎ ያውቃል? አንቆሽ ያውቃል? መሣሪያ አለው? ይከታተልሻል? እርጉዝ ሳለሽ መቶሽ ያውቃል? ከተለየሽኝ ራሴን አጠፋለሁ ይላል? ድብደባው ሰሞኑን ብሷል? ተመራማሪዋ ጃክሊን ካምቤል እ.ኤ.አ. በ1985 ያዘጋጀችው የአደጋ መመዘኛ የተመሠረተው በእነዚህን በመሰሉ ጥያቄዎች ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ጥናት ደግሞ በአጋሯ ታንቃ የምታውቅ ሴት በዚያው ሰው የመገደል ዕድሏ ከ7 እጥፍ በላይ እንደሚጨምር አሳይቷል። ከእነዚህ ብዙዎቹን «አዎ» ካለች የምታዩትን አደጋ ሳታለዝቡ ንገሯት። የእሷን ግምትም አክብሩ፤ «ይገድለኛል» የምትል ሴት ስጋቷ በቁም ነገር መወሰድ አለበት። «ምንም አያደርገኝም» ማለቷ ግን ደህና መሆኗን አያረጋግጥም።

ዕቅዱን እሷ ትናገር፣ እናንተ ጠይቁ። ጠብ ሲጀመር የትኛው ክፍል ይሻላል? ስለት ካለበት ማድ ቤትና መውጫ ከሌለው መታጠቢያ ቤት ትራቅ። በየትኛው በር ትወጣለች፣ ለየትኛዋ ጎረቤት ምን ምልክት ትሰጣለች? የመታወቂያ፣ የትምህርትና የልጆች የልደት ማስረጃ ቅጂ፣ ለጥቂት ቀን የሚሆን ገንዘብ፣ መድኃኒት፣ ትርፍ ቁልፍና አንድ ቅያሪ ልብስ በአንዲት ትንሽ ቦርሳ ይያዙ። ቦርሳው ቤት ውስጥ አይደበቅ፤ ከተገኘ ልትሄድ መሆኗን የሚናገር ማስረጃ ነው። የምታምናት ጓደኛ ዘንድ ይቀመጥ። የተጻፈ ዕቅድ ይዛ እንድትሄድም አታድርጉ፤ በቃሏ እስክትይዘው ደጋግሙት።

ስልኩ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የት እንደምትሄድ ሁልጊዜ ካወቀባት፣ ያላሳየችውን መልእክት ከጠቀሰላት ስልኳ እየተሰለለ ሊሆን ይችላል። የስለላውን መተግበሪያ በድንገት ማጥፋት አጥቂውን ያነቃዋል፤ ደህንነቷ ሳይዘጋጅ አትንኩት። እርዳታ የምትፈልግባቸውን ጥሪዎች በሌላ ስልክ ታድርግ፤ አዲስ የኢሜይል አድራሻና አዲስ የይለፍ ቃልም በዚያው ትክፈት። የቦታ ማጋሪያውን፣ በጋራ የሚጠቀሙባቸውን አካውንቶች፣ የይለፍ ቃል መመለሻ የሆነውን ስልክ ቁጥር አብራችሁ ፈትሹ።

በራቁት ፎቶ የሚያስፈራራት ካለ ገንዘብ አትክፈል፤ መልእክቱንም አታጥፋ። የአካውንቱን ስም፣ ሊንኩን፣ ቀኑን የሚያሳይ የስክሪን ፎቶ ይነሳና አጥቂው በማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ፤ ከዚያ ለማኅበራዊ ሚዲያ መድረኩ ሪፖርት ይደረግ። ስቶፕ ኤንሲአይአይ የተባለው ነጻ አገልግሎት ለ18 ዓመትና ከዚያ በላይ፣ ቴክ ኢት ዳውን ደግሞ ምስሉ ከ18 ዓመት በፊት ለተነሳ ያገለግላሉ። ሁለቱም ከራሷ ስልክ ላይ የምስሉን የቁጥር አሻራ (ምስሉን ለይቶ የሚያሳውቅ ኮድ) ብቻ ይወስዳሉ፤ ምስሉ ራሱ ለማንም አይላክም፣ በአገልግሎቱ የሚሳተፉ መድረኮችም በአሻራው ለይተው ያግዱታል። እናንተም ፎቶውን ለማየት ወይም በስልካችሁ ለመቀበል አትጠይቁ። ልጅቷ ለአካለ መጠን ያልደረሰች ከሆነ ምስሉን መያዝ ራሱ ወንጀል ሊሆን ይችላል።

6. አብሮ መሄድ

ፖሊስ ጣቢያና ፍርድ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት አጃቢዋ ምን እንደምታደርግና ምን እንደማታደርግ ተስማሙ። አጃቢ በእሷ ፋንታ አትናገርም፣ ቃሏን አታርምም፣ ምን ማለት እንዳለባትም አታስጠናትም። የተጠና ቃል በመስቀለኛ ጥያቄ ይፈርሳል። እረፍት ስትፈልግ የምትሰጠው ምልክት ይኑራት፤ አጃቢዋ «አንድ ጊዜ ውኃ እንድትጠጣ» ብላ ታስቆማለች።

አጃቢዋ ስለ አካሄዱ ግን በድፍረት ትናገር። ቃሏ በዝግ ክፍል እንዲወሰድ፣ ቢቻል ሴት መርማሪ እንድትመደብ፣ ያንኑ ታሪክ ለየሰዉ እንዳትደግም ጠይቁ። ከመፈረሟ በፊት የተጻፈውን ሙሉውን ታንብብ ወይም ይነበብላት፤ ያላለችው ነገር ካለ ይስተካከል። የመዝገብ ቁጥሩን፣ የመርማሪውን ስምና ቀኑን ሳትይዙ አትውጡ። ያለ መዝገብ ቁጥር «ጉዳዩ አልደረሰንም» ከመባል የሚያድን ነገር የለም።

«ይቅር ተባባሉ» የሚል ግፊት ከመጣ፣ ከየትም ይምጣ ከየት፣ ልጅቷ ከአጥቂዋ ጋር ፊት ለፊት እንድትቀመጥ አትገደድም። በሴቶች ላይ የሚደርስ መድልዎን ለማስወገድ የወጣው ስምምነት (ሲዳው) ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው 33ኛ አጠቃላይ ምክረ ሐሳብ የጥቃት ጉዳዮች በምንም ሁኔታ ወደ አማራጭ የሙግት መፍቻ እንዳይመሩ አሳስቧል። ይህን ጽሑፍ አትማችሁ በቦርሳችሁ ያዙ።

ክስ አልፈልግም ካለችም የምታገኘው ድጋፍ አይቀነስ።

7. መዝገብ አያያዝ

በፋይሉ ላይ ስም አይጻፍ፣ ኮድ ይጻፍ። ኮዱን ከስም ጋር የሚያገናኘው ዝርዝር በሌላ ቁልፍ፣ በሌላ መሳቢያ ይቀመጥ። የሆነውን እንጂ የምታስቡትን አትጻፉ፤ «ውሸት ትመስላለች» ወይም «ጠባይዋ አስቸጋሪ ነው» የሚል ማስታወሻ ፍርድ ቤት ቀርቦ ሊነበብባት ይችላል። በሠራተኞች የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ጉዳይ አይወራ፤ በኮድም ቢሆን።

ለሪፖርት ቁጥር ስትሰጡ ትንንሽ ቁጥሮች ሰውን ያጋልጣሉ። «ከዚህ ትምህርት ቤት፣ የ17 ዓመት፣ 1» ማለት ስሟን እንደ መጥራት ነው። ከ5 በታች የሆነውን ከሌላው ጋር ደምራችሁ አቅርቡ። እርዳታ ሰጪዎች ለጉብኝት ሲመጡ ልጆቹን ለማናገር መጠየቃቸው አይቀርም። መልሱ አይሆንም ነው፤ በፕሮጀክት ስምምነቱ ውስጥ አስቀድሞ ይጻፍ።

8. ለለውጥ መሟገት

እያንዳንዷን ልጅ ያጋጠማት መሰናክል ሌሎችንም የሚጠብቅ ነው። ስለዚህ ከግል ፋይሎች የተለየ የመሰናክል መዝገብ ክፈቱ፦ ቀኑ፣ የአገልግሎቱ ዓይነት፣ የተከለከለችው ምን እንደሆነ፣ የተሰጣት ምክንያት፣ ያስከተለው ውጤት። የልጅቷ መለያ በዚህ ውስጥ አይገባም። በ3 ወር ውስጥ ተመሳሳይ ነገር ሲደጋገም የሚመለከተውን ኃላፊ ቀጠሮ ያዙና አንድ የተወሰነ ጥያቄ ይዛችሁ ግቡ። «ለሴቶች ትኩረት ይሰጥ» የሚል ጥያቄ ማንም ይስማማበታል፣ ማንም አይሠራውም። «ፔፕ በሌሊት ተረኛ እጅ ይሁን፤ ቁልፉን የያዘው ሰው እስኪመጣ አይጠበቅ» የሚለው ግን በአንድ ደብዳቤ ሊፈጸም ይችላል፤ ተፈጸመ ወይስ አልተፈጸመም ብላችሁም መቁጠር ትችላላችሁ።

ጥቃት የደረሰባት ወጣት በአደባባይ እንድትናገር ስታስቡ እጅግ ተጠንቀቁ። የምታማክራት ሠራተኛ እሷኑ መጠየቅ የለባትም፤ እምቢ ብትል አገልግሎት የሚቋረጥባት ይመስላታል። ጥያቄው በሌላ ሰው ይቅረብ፤ ቢያንስ ሳምንት ታስብበት፤ ፊቷና ድምፇ እንዲቀየር የመምረጥ ዕድል ይሰጣት፤ ከመሠራጨቱ በፊት ትየው። አንዴ ኢንተርኔት ላይ የወጣ ነገር ሙሉ በሙሉ እንደማይመለስ በግልጽ ንገሯት። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ያለ ከሆነ የሕግ ባለሙያ ሳይጠየቅ አይሆንም። ለጊዜዋና ለመጓጓዣዋም ይከፈላት። የዝግጅታችሁን ዕቅድ የምታወጡት፣ የጽሑፋችሁን ቃል የምትመርጡት ከወጣቶቹ ጋር ከሆነ መድረክ ላይ ሳይወጡም ሥራውን ይመሩታል፤ ይህ መንገድ ይበልጥ ፍሬያማ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ከኖቬምበር 25 እስከ ዲሴምበር 10 በሴቶች ላይ የሚደርስ ጥቃትን በመቃወም የሚካሄደው የ16 ቀን ዘመቻ ሲደርስ ሁሉም ይቀሰቅሳል። ስልክ ከወትሮው የሚበዛው በእነዚያ ቀናትና ከዚያ ቀጥለው ባሉት ሳምንታት ነው። የሠራተኛ እረፍት በዚያ ወቅት አይሰጥ፣ የመጠለያ አልጋና የትራንስፖርት ገንዘብ ከወዲሁ ይያዝ። ይህን ማድረግ ካልቻላችሁ ቅስቀሳውን አሳንሱት።

9. የሠራተኛው ጉዳይና የፋይል መዝጊያ

በየሁለት ሳምንቱ እያንዳንዷ ሠራተኛ ከበላይ ተቆጣጣሪዋ ጋር ለብቻ አንድ ሰዓት ትቀመጥ፤ የሚነሳው የሥራ ብዛት ብቻ ሳይሆን የትኛው ጉዳይ እንቅልፍ እንደነሳት ጭምር ነው። የግል ስልክ ቁጥር ለልጆቹ አይሰጥ፣ ገንዘብ ከኪስ አይበደር፤ የመጀመሪያው ወር ላይ ደግነት የሚመስለው በሦስተኛው ወር ሠራተኛዋ ስልክ ማንሳት እንድትፈራ ያደርጋል፣ ልጅቷም ተጣልኩ ትላለች።

ፋይል የሚዘጋው ልጅቷ ያስቀመጠቻቸው ግቦች ሲሟሉ፣ ራሷ ይብቃኝ ስትል፣ ወይም በተስማማችሁበት መንገድ ተሞክሮ ለ2 ወር ሳትገኝ ስትቀር ነው። ስልክ ስላላነሳች ቤቷ ድረስ አትሂዱ። መዝጊያው ከመድረሱ ሁለት ሦስት ቀጠሮ በፊት ንገሯት፤ የደህንነት ዕቅዷን አንድ ጊዜ አብራችሁ ከልሱ፣ ከካርታው ላይ አሁንም የሚያስፈልጓትን ቁጥሮች ስጧት። ቁጥሯን ከሠራተኞች ስልክ ላይ አጥፉ። ከስድስት ወር በኋላ ተመልሳ ብትመጣ ታሪኳን ከሀ ብላ እንድትጀምር አታድርጉ፤ የመዝጊያ ማጠቃለያዋን አስቀድማችሁ አንብቡና አሁን የመጣችበትን ብቻ ጠይቁ።